ያለ ቦታው ያረዳሁት መርዶ

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ላስረዳ ብል «ለቀባሪው አረዱት» ይሆንብኛል። ሁሉም ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። መርካቶ፣ ሰባተኛ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝና፣ ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ በር እስኪከፈት ቆመው ሲጠብቁ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ደንቡን ባለማወቅ ስለሠራሁት ስህተት ለመናገር አይደለም። ደንቡን እያወቅኩ፣ በሦስት ሳምንት ትምህርት ከደንቡ በላይ የሆንኩ መስሎኝ ስላደረግኩት ነገር ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ ከተማ ውስጥ ነው። ከውጭ አገር የመምህራን ልውውጥ ዕድል መጣና ሁለት ቦታ ተሰጠን። ሥልጠናው የተለያየ ባህል ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚግባቡ የሚያስተምር ነው። አንዱን ቦታ እኔ አገኘሁት፤ ማመልከቻዬን አራት ጊዜ ገልብጬ ነበር የጻፍኩት። ሁለተኛውን አማርኛ የምታስተምር ባልደረባዬ አገኘችው። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ተማሪዎቼ ፊት ሳይቀር «አንተ ልጅ» ትለኛለች።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቅዳሜ አባቷን ለመሰናበት እህል በረንዳ አብሬያት ሄድኩ። አባቷ የጤፍ ነጋዴ ናቸው። ስንደርስ በተደረደሩት ጆንያዎች መካከል አንዱ ላይ ተቀምጠው፣ ከተከፈተ ጆንያ እፍኝ ጤፍ ዘግነው በመዳፋቸው እያሹ እፍ ይሉ ነበር። ትንሽ ያስላቸዋል፤ ከዚያ ውጪ ጤነኛ ነበሩ።

«መምህሩ ይኼ ነው?» አሏት።

«አዎ አባዬ።»

«ና እስቲ፣ ይሄን እይልኝ። የየት አገር ጤፍ ነው?»

አየሁት። ነጭ ነው። «የአድአ ይመስለኛል፣ ጋሼ» አልኩ።

ጆንያ የሚያወርዱት ሠራተኞች ሸክማቸውን እንደያዙ ሳቁ። «አድአ ይሄን ቢሰማ ይከስህ ነበር!» አሉኝ አባቷ። «የጎጃም ነው። እንግሊዝኛውን ታውቀዋለህ አሉኝ፤ እንጀራህን ግን አታውቀውም። ለመሆኑ ምን ልትማሩ ነው የምትሄዱት?»

«ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚግባባ ነው፣ ጋሼ።»

«ለዚህ ነው አውሮፕላን የሚያስፈልገው? እዚህ አንድ ቀን ተቀመጥ። ጉራጌው፣ ጎጃሜው፣ ስልጤው፣ የሸዋው ሰው ሲሰዳደብ ይውላል፤ ማታ ተግባብቶ ይገባል።» ከዚያ ተነሥተው ሁለታችንንም መረቁን። ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ሳሟት፤ ሁለተኛው ረዘም አለ።

ሥልጠናው የነበረው ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከየአገሩ የመጣን ሃያ ያህል መምህራን ነበርን፤ በሁለት ቡድን ተከፈልን፣ እኔና እትዬ በተለያየ ቡድን ሆንን። ግድግዳው ስስ በሆነ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ሰጡን። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ደብተሬን በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «እኛ አገር እንዴት ይባላል»፣ በሌላው በኩል «በግልጽ ሲባል» ብዬ ጻፍኩ። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ እጄን ቀድሜ የማወጣው እኔ ነበርኩ። «አልበላም» ማለት አንዳንዴ «አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለምኑኝ» ማለት እንደሆነ ሳስረዳ አሠልጣኟ በመገረም ትጽፍ ነበር። አገሬን እያስረዳሁ ነው ብዬ አስብ ነበር። ዛሬ ሳስበው አገሬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የምሸጥ ነበር የምመስለው።

የትምህርቱ ትልቁ ክፍል ልምምድ ነበር። በየቀኑ ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ ከባድ መልእክት ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል። አንዱ አሠሪ፣ አንዱ ተባራሪ፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ በሽተኛ። ለምሳ ስንወጣ እኔና እትዬ በአማርኛ እንለማመድ ነበር። እሷ ሲያስቃት ታቋርጠኛለች፤ እኔ ደግሞ በቁም ነገር እንድትይዘው እቆጣታለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ማሽኑ እስኪጨርስ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። የእትዬ ታላቅ ወንድም ነው። ሰባተኛ ላይ ሱቅ አለው፤ ቀድሞም እንተዋወቅ ነበር።

«ስማኝ ወንድሜ፣ እሷ አጠገብህ የለችም አይደል?»

«የለችም። ምነው?»

«አባታችን አረፈ። ትናንት ጠዋት። ዛሬ ቀበርነው፣ አሁን ከቀብር መመለሳችን ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ልል ጀመርኩ። እሱ ግን ጊዜ አልሰጠኝም፤ የመርካቶ ሰው ነው፣ ሐዘኑንም ቶሎ ቶሎ ነው የሚናገረው። «ለእሷ ጠበል ገብቷል፣ ስልክ መያዝ አይቻልም ብለናታል። ፌስቡክ ላይ ፎቶ የሚለጥፍ እንዳይኖር ዘመዱን ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ። ስትመጡ አክስታችን ቤት ታድራለች። እራቷን ትበላለች። ጠዋት ሽማግሌ ይነግራታል፣ ሰው ይይዛታል። እዚያ ብቻዋን እንዳትሰማ። ካንተ የምፈልገው ዝም እንድትል ብቻ ነው። ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«አደራ።»

«እሺ፣ አታስብ» አልኩት።

አደራ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሱቁን ለጎረቤቱ ትቶ ወደ ለቅሶ የሚሄድ ነጋዴ የሚለው ይህንኑ ቃል ነው፤ ሲመለስ ሁሉም በቦታው ይጠብቀዋል። እንዲህ ባለ ሰፈር ነው ያደግኩት።

አራት ቀን ዝም አልኩ። በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እኔ እንቁላል እንደምወድ ስለምታውቅ የራሷን ወደ ሳህኔ ታሸጋግራለች። «አባዬ ጠበል መግባቱ ደስ ብሎኛል» አለችኝ አንድ ቀን። «ያ ሳል አላማረኝም ነበር። ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት እህል በረንዳን ጥሎ አይሄድም፤ ጠበል ከሆነ ግን እሺ ይላል።» እኔ እንቁላሉን በላሁ።

ረቡዕ ጠዋት የእኔ ቡድን ትምህርት መጥፎ ዜናን ስለመንገር ነበር። አሠልጣኟ ከየአገራችን ምሳሌ እንድናመጣ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ። «አንዲት ሴት አለች እንበል» ብዬ ጀመርኩ። «ለአጭር ጊዜ ውጭ አገር ሄዳለች። አባቷ ሞተዋል። ቤተሰቦቿ እስክትመለስ ደብቀዋታል። አንድ ጓደኛዋ ግን ያውቃል።»  እንደዚያ ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም። ጓደኛው ምን ማድረግ አለበት ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ማለት ይቻላል ይንገራት አሉ። ማወቅ መብቷ ነው አሉ። መደበቅ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው አሉ። አንዲት ከሁላችን በዕድሜ የገፉ መምህርት ብቻ «እዚያ ሰው አላት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጓደኛዋ አለ» አልኩ።

ያን ጊዜ ስለ እሷ አስብ ነበር ብል እዋሻለሁ። የማስበው ምሳሌዬ እንዴት እንደተወደደልኝ ነበር። ከዚያም አልፎ፣ ሌላው ሁሉ በልምምድ የሚሠራውን እኔ በእውነት የመሥራት ዕድል አግኝቻለሁ ብዬ አሰብኩ። የተሰጠን ወረቀት ላይ ሦስት ነጥብ ነበር፦ በአጭሩ ተናገር፤ ቃሉን አታለሳልስ፤ ከዚያ ዝም ብለህ ጠብቅ። ደብተሬ ላይ ገለበጥኩትና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ለምሳ ወንዙ ዳር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳቦ በአይብ ይዛ ነበር። «እትዬ» አልኩ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። አባትሽ ሞተዋል።»

የጎረሰችውን አላመጠች፣ ዋጠች፣ ፈገግ አለች። «ድምፅህ ጥሩ ነው። ፊትህ ላይ ግን ምንም የለም። እንደገና በለው።»

«እትዬ…»

«ቆይ፣ እኔ ማን ነኝ? ልጅ ነኝ ሚስት? ሳትነግረኝ እንዴት አለቅሳለሁ?»

«ልምምድ አይደለም።»

ፈገግታዋ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «አንተ ልጅ፣ በአባቴ አትለማመድ። በሌላ ሰው አባት አድርገው።»

«ልምምድ አይደለም፣ እትዬ። ዓርብ ነው። ቅዳሜ ተቀበሩ። ወንድምሽ ደውሎ ነግሮኝ ነበር።»

ከዚያ በወረቀቱ እንደታዘዝኩት ዝም ብዬ ጠበቅኩ።

ተነሣች። አገር ቤት ቢሆን መሬት አለ፣ የሚይዝ ክንድ አለ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የምታስርላት ጎረቤት አለች፤ የእሷን ጩኸት ተቀብሎ ከፍ የሚያደርግ የሌላ ሴት ጩኸት አለ። እዚያ ግን በተጠረገው መንገድ ላይ ሰዎች በብስክሌት ያልፋሉ። ግራና ቀኝ አየች። የት እንደምትወድቅ እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። ቦታ አጣች። የአንገት ልብሷን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

የአንገት ልብሱን ከአፏ አውጥታ «ከቅዳሜ ጀምሮ ታውቃለህ?» አለች።

«አዎ።»

«ከእኔ ጋር ቁርስ እየበላህ?»

«አዎ።»

«ለማን ለማን ነግረሃል?»

መዋሸት እችል ነበር። ግልጽነት የተማርኩ ሰው ነኝና አልዋሸሁም። ዛሬ ጠዋት ለቡድኔ በምሳሌ መልክ አቅርቤው እንደነበር፣ ስም እንዳልጠቀስኩ ነገርኳት። ከኢትዮጵያ የመጣነው ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆንን ያሰብኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«የአባቴን መርዶ ከእኔ በፊት ክፍል ሙሉ ሰው ሰማው?» አለች። ከዚያም በጣም ቀስ ብላ «ለምን ነገርከኝ?»

«ማወቅ መብትሽ ነው ብዬ…»

«እሺ፣ አወቅኩ። አሁን ምን ላድርገው?»

ደብተሬ ውስጥ አራተኛ ነጥብ አልነበረም።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ይህን መናገር አለብኝ። የሥልጠናው አስተባባሪ አበባ ይዛ መጣች። ከባለሙያ ጋር እንድትነጋገር ለዓርብ በአራት ሰዓት ቀጠሮ ያዘችላት። እትዬ አመስግና የቀጠሮውን ወረቀት ተቀበለች። «ለለቅሶ ቀጠሮ ተያዘልኝ» አለችኝ፣ ሳትስቅ። ከግድግዳው ማዶ ትራስ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር፤ ድምፅ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው። ሄጄ በሯን ማንኳኳት አፈርኩ። ሁለት ጊዜ ምግብ በር ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም ጊዜ እንዳለ አነሣሁት።

በነገርኳት ማግስት አስተባባሪዋ ቲኬቱን እንቀይርላትና ቀድማ ትሂድ አለች። እኔም ለመንኳት። «ቀድሜ ብሄድ ሰምታ ነው የመጣችው ይላሉ» አለችኝ። «እናቴ ደግሞ አባቴን ትታ ልጄ ሰው በሌለበት ሰማች ብላ ነው የምታለቅሰው። ስድስት ቀን ነው፣ እችለዋለሁ።»

በእነዚያ ስድስት ቀናት በየዕለቱ ወደ ቤት ትደውል ነበር፤ ካልደወለች ይጠረጥራሉ። ስትደውል እኔ አጠገቧ እንድቀመጥ ታደርጋለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች።

«ደህና ነሽ ልጄ? ብርዱስ?» ይላሉ እናቷ።

«ደህና ነኝ እማዬ። አባዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ጠበል ላይ ነው። ተስማምቶታል።»

«እሰይ። በርታ በይልኝ። ልጅህ እየመጣች ነው በይው።»

 «እሺ፣ እለዋለሁ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ይሰበርና ወንድሟ ስልኩን ይቀበላቸዋል። «ኔትወርኩ ነው» ይላል። እሷም «አዎ፣ ኔትወርኩ ነው» ትለዋለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትቆያለች። እኔም ተነሥቼ መሄድ እያማረኝ እቆያለሁ።

ቦሌ የተቀበለን ወንድሟ ነበር። በለቅሶ ላይ ያለ ሰው ጺሙን አይላጭም፤ እሱ ግን ለእሷ ብሎ ተላጭቷል፣ ጥቁሩን አውልቆ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። አቅፋ ስትስመው ሸሚዙን አየችው። «አምሮብሃል» አለችው። ያኔ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ሻንጣዋን ሲያነሣ በሷ ጀርባ በኩል ክንዴን ጨበጥ አድርጎ «ውለታህን አልረሳም» አለኝና አፌን ዘጋሁ።

ማታ ደወለልኝ። «ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አክስቴ ቤት ና። እዚያ አብረሃት ስለነበርክ ከጎኗ ብትሆን ይሻላል።»

ሄድኩ። ጎህ ሳይቀድ ሰባተኛ ውስጥ፣ በተዘጉት ሱቆች ጀርባ፣ ልጅ ሆኜ ሳያቸው የነበሩት ሽማግሌዎች የቆሙበት ዓይነት ግቢ ውስጥ እኔም ጋቢ ለብሼ ቆምኩ። ስንገባ እሷ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቷ ተቀመጡ። ስለ ጉዞዋ ጠየቋት። እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር እንደሚወስድ፣ ከዚህ መንገድ የሚቀር እንደሌለ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ሲናገሩ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ አልጋው ይጠጋሉ፤ ማንም ሳያዛቸው በግራዋም በቀኟም ቦታ ይይዛሉ። ሽማግሌው «አባትሽ ዐርፈዋል» ከማለታቸው በፊት ስድስት እጅ ተዘጋጅቶ ነበር።

ጮኸች። ለማስመሰል ያደረገችው መስሎኝ ለአንድ አፍታ ደንግጬ ነበር፤ አልነበረም። ስምንት ቀን ትራስ ውስጥ የታፈነው ነው የወጣው። ወደቀች፤ ያዟት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰሩላት። እናቷ ሲገቡ ሁለቱ ተያይዘው የተናገሩትን አልጽፈውም።

ፀሐይ ከወጣ በኋላ እናቷ ወደ እኔ መጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። «ልጄን ሳትሰማ ያመጣህልኝ» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። «አደራ ጠባቂ ያድርግህ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

«አሜን» አልኩ።

እትዬ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ትምህርት ቤት ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነበር። ሰላም አለችኝ፤ ግን «አንተ ልጅ» ማለት ቀረ። አሁን «መምህር» ትለኛለች፤ «ጠመኔውን ያቀብሉኝ» ትለኛለች። በአሥር ዓመት ከምትበልጠኝ ሴት አፍ የሚወጣ አክብሮት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ርእሰ መምህሩ የተማርኩትን ለመምህራን እንዳካፍል ጠየቁኝ። አልተዘጋጀሁም አልኩ። ዘንድሮም አልተዘጋጀሁም።

ከአርባቸው በኋላ አንድ ጠዋት ደብቄ መቆየት አልቻልኩምና እህል በረንዳ ሄድኩ። የአባቱን ቦታ ወንድሟ ይዞታል። የጆንያ አፍ እየሰፋ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳላስቀር። መርፌውን አላቆመም ነበር፤ ረቡዕ ስል አቆመ።

«እንግዲህ ስድስቱን ቀን ስትደውል ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«‹በርታ በይልኝ› ስትል?»

«አዎ።»

ጆንያው ላይ ተቀመጠ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኛ ለእሷ ስንዋሽ፣ እሷ ለእኛ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ቀለለህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ መርፌውን አነሣ።

«ለእናቴ እንዳትነግራት። ለምን አይመጣም እያለች በየቀኑ ትጠይቃለች። ሂድ፣ ቤት ናት። ስታመሰግንህ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።»

ሄድኩ። እናቷ ከፍራሹ ሊነሡ ሲሞክሩ ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። እትዬ ጥጉ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። መረቁኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ሰማሁ። ከዚያ ጠጋ ብለው እጄን ያዙ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ ልጄ። እሷ አትነግረኝም። ከስታ ነው የመጣችው። እዚያ አገር በደንብ ትበላ ነበር?»

በሩ ላይ እንደነበረ ያነሣሁት ሳህን ታየኝ።

«በደንብ ትበላ ነበር፣ እማማ» አልኳቸው። «የእኔንም ሳይቀር።»

«ተመስገን» አሉ።

እትዬ ከሰፌዱ ቀና አላለችም። ጣቷ ግን ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች።